መስታወት የሚልሱት ዓሦች

ሰዓዲያ ውሃ ትፈራለች። ከቧንቧ የሚወርደውን ወይም በጆግ የሚቀዳውን አይደለም፤ ዝም ብሎ የተኛውን፣ ሆዱ ውስጥ ምን እንደያዘ የማያስታውቀውን ውሃ ነው። የተወለደችው ከወንዛዬ ፍል ውሃ ብዙም ሳይርቅ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ነው። አባቷ ሸማኔ ነበሩ። አንድ ክረምት ከሐሙሲት ገበያ ሲመለሱ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ዕድሜ ልካቸውን የተሻገሩበት ቦታ ነውና ሳያመነቱ ገቡ። በቅሎዋ ወጣች፤ እሳቸው አልወጡም። ሰዓዲያ ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ከዚያ ቀን የሚታወሳት የእናቷ ጩኸት ሳይሆን በቅሎዋ ብቻዋን፣ ከነጭነቷ፣ ውሃ እያንጠባጠበች ግቢ መግባቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አብሯት አደገ። አንዱ ውሃን መፍራት ነው። ሌላው ደግሞ መንገድ የወጣ ሰው ሲዘገይ መቀመጥ አለመቻል ነው። ቆማ ነው የምትጠብቀው፤ በር ላይ፣ እጇን በሻሿ ጫፍ ጠቅልላ።

እንዲህ ያለች ሴት ደግሞ ያገባችው ሹፌር ነው። ባሏ ኑሩ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ሚኒባስ ይነዳል፤ ሳቂታ፣ ቀልደኛ፣ ተሳፋሪ የሚወደው ሰው ነው። አንዲት ልጃቸውን ጎንደር ድረው ብቻቸውን ከቀሩ በኋላ፣ ሰዓዲያ መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት ከፈተች። ቤቷ ከጁስ ቤቱ ጀርባ ነው። የኑሩን ጥሩምባ ከሌላው ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች፤ ከሰዓት በኋላ እስክትሰማው ድረስ የምትፈጨው ማንጎ ይሁን ፓፓያ ልብ አትለውም። ኑሩ ይስቅባታል።

«ሰዓዲያ፣ አንቺ ሰው ከመሞቱ በፊት ለቅሶ የምትቀመጪ ሴት ነሽ» ይላታል።

የዓሣ ገንዳውን ያመጣውም እሱ ነው። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ዕቃውን ሲቀይር ያወጣውን ትልቅ የመስታወት ገንዳ በፍራሽ ጠቅልሎ ሚኒባሱ ላይ ጭኖ ገባ። «ጁስ እየጠጣ ዓሣ የሚያይ ሰው ሁለተኛ ሳይጠጣ አይነሳም» አላት። ሰዓዲያ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጀርባዋን ሰጥታው መሥራት አቃታት። መስታወቱ ተሰንጥቆ ያ ሁሉ ውሃ ቤቱን ሲሞላው ይታያት ነበር። እጇንማ አንድም ቀን አልነከረችበትም፤ ምግብ የምታበላቸውና ውሃውን የምትቀይረው ሠራተኛዋ የሺ ናት። የሺ ከጋፋት በኩል ጠዋት ጠዋት በእግሯ የምትመጣ ዝምተኛ ልጃገረድ ናት።

ግን ዓሦቹ ቀስ በቀስ ሰዓዲያን አለማመዷት። ጭራቸው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ትንንሾች ነበሩ፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ። ጎናቸው ሰፊ፣ ክንፋቸው ረጅም፣ ብርማ የሆኑ ሌሎችም ነበሩ። ከነዚህ አንዷ ነጭ ክንፏን እያንሳፈፈች ቀስ ብላ ስትዞር ሙሽራ ትመስላለችና «ሙሽሪት» አለቻት። ጠዋት ሱቁን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው እሷን ሆነ።

ችግሩ የጀመረው በአረንጓዴው ነው። ገንዳው የተቀመጠው በመስኮቱ በኩል ነበር፤ የጠዋት ፀሐይ ቀጥ ብላ ታገኘዋለች። በጥቂት ወራት ውስጥ መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። የሺ በስፖንጅ ትፈቀፍቀዋለች፤ በሳምንቱ ይመለሳል። ድንጋዮቹ ፀጉር አወጡ። ደንበኛው «ሰዓዲያ፣ ጎመን ነው እንዴ የምታረቢው?» ማለት ጀመረ።

በየቀኑ ፓፓያ ጁስ የሚጠጡት ጡረተኛው ጋሼ ሞላ መላ አመጡ። «ከጣና ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አስመጪ» አሉ። «እዚያ አረንጓዴውን እየበላች አይደል የምትኖረው?»

ኑሩ ግን ባሕር ዳር ሲሄድ ከአንድ ነጋዴ መስታወት የሚያጸዳ ዓሣ ገዝቶ መጣ። ወርቃማ፣ ቀጭን፣ ከሥር በኩል አፍ ያለው ዓሣ ነው። ገንዳው ውስጥ ሲገባ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ ይልስ ጀመር። ያለፈበት ሁሉ ጠራ። ደንበኞች «ጽዳት» ብለው ስም አወጡለት። «ጽዳት ዛሬ ሥራ ገብቷል?» ብለው ነው የሚገቡት። ሰዓዲያም ደስ አላት።

ጽዳት ግን ማደግ ቀጠለ። እያደገ ሲመጣ መስታወቱ እንደገና አረንጓዴ መልበስ ጀመረ። ያኔ ማንም ልብ አላለውም።

አንድ ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ከብርማዎቹ አንዱ በጎኑ ተንሳፍፎ አገኘችው። የሺ በወንፊት አወጣችው። ጎኑ ላይ በሳንቲም ጠርዝ የተፋቀ የሚመስል ክብ ቁስል ነበር፤ ቅርፊቱ ተነስቶ ሥጋው ነጥቷል። ቀጥሎ ሌላ ሞተ፤ ያው ቁስል፣ ያው ቦታ። ከዚያ ሌላ።

ሰዓዲያን ፍርሃት ያዛት። በሽታ ነው እንዳትል ትንንሾቹ ደህና ናቸው። ድመት ነው እንዳትል ክዳኑ ግጥም ያለ ነው። አንድ ነገር ቤቷ ገብቶ ከትንሹ ነፍስ የጀመረ መሰላት። ጠዋት ቁልፉን በሩ ውስጥ ስትሰካ እጇ ይከብዳት ጀመር፤ ማን ሞቶ ይሆን ብላ። ገንዳውን ትክ ብሎ ያየ ደንበኛ ሁሉ አስጠረጠራት። አንዲት የማታውቃት ሴት «እንዴት ያምራሉ!» ብላ ከወጣች በኋላ ገንዳውን በሻሽ ሸፈነችው። ኑሩ ለመንገድ ሲነሳ ዓሣ የሞተበት ቀን ከሆነ «ዛሬ ቅርልኝ» ትለው ጀመር። ለምን እንደሆነ ግን አትነግረውም፤ ቢስቅባት ልቧ የሚሰበር መሰላት።

መጨረሻ ላይ ጥርጣሬዋ ቅርቧ ያለው ሰው ላይ አረፈ።

«የሺ፣ ምግብ ስትሰጫቸው እጅሽን በምን ታጠብሽ?»

«በውሃ ነዋ፣ እትዬ።»

«ሳሙና አልነካሽም? በረኪናስ?»

«ኧረ አልነካሁም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚነካቸው? ከኔና ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

የሺ ብርጭቆ የምታጥብበትን ጨርቅ ጨምቃ አሰጣችና ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገንዳው አጠገብ መቆም ተወች፤ ምግቡንም «እርስዎ ይስጧቸው» ብላ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሰዓዲያ ጣቷ ውሃው እንዳይነካው ከላይ እየበተነች መመገብ ጀመረች።

እውነቱ የወጣው በዝናብ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ጉና ላይ የተከመረው ደመና ወደ ከተማው ወረደና ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረ። በረዶው ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ደንበኞቹ ብርጭቋቸውን ጥለው ወጡ። መብራት ጠፋ። ለዓሦቹ አየር የሚነፋው ሞተር ድምፅ ቀጥ አለ። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሰዓዲያና የሺ ብቻ ነበሩ።

«ስልክሽን አብሪው» አለች ሰዓዲያ።

የሺ የስልኳን መብራት ወደ ገንዳው አዞረች። ትንንሾቹ ከድንጋዩ ሥር ገብተዋል። ጽዳት ቀን ቀን ከሚጣበቅበት ጥግ የለም። የሺ መብራቱን ወደ መሃል ስታመጣ ሙሽሪት ታየች፤ እየተንፈራገጠች፣ መስታወቱን በጎኗ እየመታች። ጎኗ ላይ ጽዳት ተለጥፏል። አፉ ከሥጋዋ ጋር ተጣብቆ፣ ልክ መስታወቱን እንደሚልሰው፣ ከፈት ዘጋ ይላል። ስትሮጥ አብሯት ይሮጣል፤ ስትገለበጥ አብሯት ይገለበጣል።

«ያ ረቢ!» ብላ ሰዓዲያ ጮኸች።

ክዳኑን እንዴት እንደከፈተችው አታውቅም። ቀኝ እጇን ከነእጅጌዋ እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ነከረች። ውሃው ሞቃት ነበር፤ ያንን አልጠበቀችም። ጽዳት ከሙሽሪት ተላቀቀና በጣቶቿ መሃል ሾለከ፤ የሚያሙለጨልጭ ገላው መዳፏን ሲነካት ጀርባዋ ድረስ ዘገነናት፣ ግን እጇን አላወጣችም። የሺ ወንፊቱን ይዛ ከሌላው በኩል መጣች። ብዙ ታግለው በመጨረሻ ጥግ አስያዙትና ባልዲ ውስጥ ጣሉት። እዚያም ሄዶ ከባልዲው ግድግዳ ጋር ተለጠፈና አፉን ከፈት ዘጋ ያደርግ ጀመር።

ሰዓዲያ መሬት ላይ ተቀመጠች። ውሃ ከእጅጌዋ ይንጠባጠባል።

«የሺ» አለች፣ «በአላህ ይቅር በይኝ።»

የሺ ወንፊቱን አስቀመጠችና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «እኔም እጄን ሳልታጠብ አበልቻቸው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፣ እትዬ» አለች።

ኑሩ ማታ ሲገባ ባልዲውን አሳየችው። ያንን ዓሣ የሸጠውን ነጋዴ እየረገመ ሳለ አንድ ሰው ትዝ አለው። ባሕር ዳር ውስጥ ፋሲካ የምትባል፣ ትንሽ ኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ጌጠኛ ዓሣ የምታረባ ሴት አለች ሲሉ ሰምቷል። በማግስቱ ስልኳን ፈልጎ አገኘ። ሰዓዲያ ራሷ ደወለች።

«ባለቤቴ መስታወት የሚያጸዳ ዓሣ ገዝቶልኝ ሌሎቹን ጨረሰብኝ» አለቻት።

«ወርቃማ ነው? አፉ ከሥር?»

«አዎ።»

ፋሲካ ወዲያው አወቀችው። «ልጅ ሳለ አረንጓዴውን ይበላል። አልጌ ነው የሚባለው። ሲያድግ ግን አልጌው አይጥመውም፤ የሌላ ዓሣ ገላ ላይ ያለውን ልጋግ ይለምዳል። ጎነ ሰፊ የሆኑትን፣ ዝግ ብለው የሚዋኙትን ይመርጣል፤ ማምለጥ ስለማይችሉ። ሻጩ ይህን ሊነግራችሁ ይገባ ነበር።»

«እና ምን ልግዛ? አረንጓዴው አሁንም አለ።»

«መጀመሪያ ውስጡ ማን ማን እንዳለ ይንገሩኝ። ሰው ሁሉ ምን ይበላል ብሎ ነው የሚጠይቀኝ፤ ከማን ጋር ይኖራል ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ሰዓዲያ የቀሩትን ነገረቻት፤ ጭራ ሰፋፊዎቹን፣ ሁለት ብርማዎችን፣ ሙሽሪትንና ቁስሏን። የጋሼ ሞላንም ምክር ጨመረችላት። ፋሲካ ሳቀች።

«ቆሮሶ ሰሃን ካከለች በኋላ ትንንሾቹን አንድ በአንድ ትውጣቸዋለች፤ እሷ ለጣና ነው የተፈጠረችው። ሌላ ደግሞ አለ፤ ቆዳው እንደ ጋሻ የጠነከረ ጥቁር ዓሣ። ጠባዩ ጨዋ ነው፤ ግን ክንድ ያክላል፤ ገንዳዎ አይበቃውም፣ ኩሱም ውሃውን ያበላሸዋል። ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ የውሃ ፍጥረትም አልጌ ይበላል፤ እሱን ሙሽሪት ቁርሷ ታደርገዋለች።»

«ታዲያ ማንም የለማ?»

«አሉ። ከትንሽ ጣት የማይበልጡ፣ የጣናን አምባዛ የሚመስሉ ጢማም ዓሦች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ቅጠልና መስታወት ሲልሱ ይውላሉ፤ ማንንም አይነኩም። ችግራቸው አንድ ነው፤ በጣም ፈሪዎች ናቸው። ብቻቸውን ከሆኑ በፍርሃት መብላት ትተው ይሞታሉ፤ ተሰብስበው ነው የሚኖሩት። ሙቀት ከፍ ዝቅ ሲልም አይችሉም።»

ሰዓዲያ «ፈሪዎቹን ስጪኝ» አለች።

ፋሲካ አረንጓዴውን ሙልጭ አድርገው እንዳይፍቁት፣ ለእንግዶቹ ምግብ እንዲተዉላቸው ነገረቻት። ሲያልቅባቸው የተቀቀለ ዝኩኒ ቆርጣ ድንጋይ ሥር እንድታስቀምጥላቸውም መከረቻት። ገንዳውም ከፀሐይዋ ዞር ይበል አለች። ጽዳትንም እሷ ትወስደዋለች፤ ለብቻው የምታኖርበት ገንዳ አላት። «ግን ባለቤትዎ መንገድ ላይ እንዳይዘገይ። በፌስታል ውስጥ ብዙ አይቆዩም፤ የእናንተም ብርድ ከባድ ነው። በጠዋት መጥቶ ከሰዓት ይግባ።»

የዚያን ሰሞን መንገዱ አይታመንም ነበር፤ ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት ይዘጋል፤ ትናንት ሰላም የነበረው ዛሬ ተኩስ ተሰማበት ይባላል። ሹፌሮች ከመውጣታቸው በፊት እርስ በርስ እየተደዋወሉ ነው። ኑሩ ደግሞ በዚያ ሳምንት ተራው አልነበረም። ከሌላ ሹፌር ጋር ተራ ተቀያይሮ የወጣው ሰዓዲያ «ሙሽሪትም ሳትሞት፣ አረንጓዴውም ውሃውን ሳያበላሽ» እያለች ስለነዘነዘችው ነው። ጠዋት ጽዳትን በጀሪካን ይዞ ሲወጣ «ዱዓ አድርጊልኝ፣ ነፍሰ ገዳይ ጭኛለሁ» ብሎ ሳቀ።

እኩለ ቀን ላይ ደወለ። «ስድስት ጢማሞች ይዤልሻለሁ። ሴትዮዋ ሆዳቸውን እያየች የጠገቡትን ነው የመረጠችልሽ። አሁን ተሳፋሪ ሞልቶልኛል፤ መውጣቴ ነው።»

ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ጠፋ።

ሰዓዲያ በር ላይ ቆመች። ከወረታ የመጣ አንድ መኪና የጫናቸው ሰዎች ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ወደ ሐሙሲት በኩል ተኩስ ነበር አሉ፤ መንገዱ ተዘግቷል አሉ፤ ከዚያ ኋላ የቀረ መኪና ምን እንደሆነ አናውቅም አሉ። እየመሸ ሲሄድ የሚመጣ መኪና ራሱ ቀረ። መናኸሪያው ባዶውን ሆነ። ሌሊቱን ጥሩምባ የሰማች እየመሰላት አነጋችው።

ሲነጋ መናኸሪያ ሄደች። ሹፌሮቹ ሲያዩዋት ወሬያቸውን አቋረጡ። ብርሃኑ የሚባለው የኑሩ ባልንጀራ መሪውን ይዞ ቀና ሳይል ተቀምጧል። ከሁሉ በኋላ ያንን መንገድ ያለፈው እሱ ነበር።

«ብርሃኑ፣ ምን አየህ?»

«ምንም አላየሁ፣ እትዬ ሰዓዲያ።»

«በልጆችህ ይሁንብህ ንገረኝ።»

ብርሃኑ መሪውን ለቀቀ። «ከሐሙሲት ወዲህ አንድ ነጭ ሚኒባስ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ሰው አልነበረበትም።»

«ታርጋውን አየኸው?»

«ማን ቆሞ ታርጋ ያያል፣ እትዬ?»

ሰዓዲያ ወደ ሱቋ እንዴት እንደተመለሰች አታስታውስም። ያ በሩ የተከፈተ ሚኒባስና ያቺ ብቻዋን ግቢ የገባች በቅሎ ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ሆኑባት። ገንዳው ፊት ቆመች። ዓሦቹ ምግብ መጣ ብለው ወደ ላይ ተሰበሰቡ። ጠላቻቸው። የላከችው እሷ ናት፤ ተራው ሳይሆን፣ ለእነዚህ ብላ፣ የጣት ጥፍር ለሚያካክሉ ነገሮች ብላ። ጎንበስ አለችና የሞተሩንና ውሃውን የሚያሞቀውን ማሞቂያ ሶኬት ያዘች። ልትነቅለው ነበር።

የሺ ከኋላዋ መጣች። «እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እነሱ ምን አደረጉ?»

ይህን ያለችው የሺ መሆኗ ነው እጇን የያዛት። ያለ ጥፋቷ ተጠርጥራ ያለቀሰችው ይህችው ልጅ ናት። ሰዓዲያ ሶኬቱን ለቀቀች። የሺ ወንበር አመጣችላት፤ አልተቀመጠችም። የሺም አልተቀመጠችም፤ አጠገቧ ቆመች። ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ የለም» እያለች የምትመልሰው እሷ ነበረች። ጋሼ ሞላ ግን አልተመለሱም፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

«እርስዎ ይሂዱ፣ ጋሼ፣ ይመሽብዎታል» አለቻቸው ሰዓዲያ።

«እኔ የት እሄዳለሁ፤ እዚሁ አለሁ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ እህል የጫነ አይሱዙ መናኸሪያው ፊት ለፊት ቆመ። ከጆንያዎቹ ላይ ሰዎች መውረድ ጀመሩ። የመጨረሻው ሰውዬ በጣም ዝግ ብሎ ነው የወረደው፤ ጋቢ ለብሶ፣ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ የቆሰለ ሰው ይመስላል። ሰዓዲያ መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ኑሩ ጋቢ ለብሶ መንገድ አይወጣም። ቀና ሲል ፊቱን አየችው።

ሮጠች። ስትደርስ ጋቢውን ገለጠች፤ ደም ትፈልጋለች። ደም የለም። ሆዱ ላይ በሹራብ የተጠቀለለ ፌስታል ታቅፏል።

«ቀስ በይ፣ ይፈሳል» አላት። ድምፁ ተዘግቷል።

በሁለት እጇ ደረቱን መታችው፤ ደግማ መታችው። «ሰው ሲሮጥ ዓሣ ይዞ ይሮጣል? እ? ዓሣ!»

ሱቁ ውስጥ አስገብታ ውሃ አጠጣችው። ቀስ ብሎ ነገራት። ክፍት የነበረው ሚኒባስ የሱ ነበር። ተኩሱ ድንገት ከፊት ለፊታቸው ሲነሳ መኪናውን አቁሞ ተሳፋሪውን በሜዳው ላይ ይዞ ሮጠ። አንድ ገበሬ ቤታቸውን ከፍተው አስገቧቸው። ሁሉም ከከብቶቹ ጋር መሬት ላይ ተኝተው አደሩ። የገበሬው ባለቤት ፌስታሉን ሲያዩ መጀመሪያ ፈንጂ መሰላቸው፤ በኋላ ግን ብርድ እንዳይመታው ብለው ምድጃው አጠገብ አስቀመጡለት፤ ሲነጋም የባላቸውን ጋቢ አለበሱት። ፋሲካ እንደነገረችው ፌስታሉን እየከፈተ፣ ውሃውን በኩባያ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ እያፈሰሰ አየር ሰጣቸው። ሁለቱ ሞቱ። አራቱ አሉ።

«ለምን አልጣልካቸውም?» አለችው።

ኑሩ «አንቺ ምን ትይኛለሽ ብዬ አይደለም» አለ። «እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የምይዘው ነገር ካጣሁ የምጮህ መሰለኝ። ፈራሁ፣ ሰዓዲያ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።»

ከሃያ ዓመት በላይ በዘለቀው ትዳራቸው ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።  እጁን ያዘችው፤ እውነትም ይንቀጠቀጣል።

ፌስታሉን ገንዳው ላይ አንሳፈፉት፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል። ከዚያ የገንዳውን ውሃ በትንሽ በትንሹ ጨመሩበት፤ ይህን የሠራችው ሰዓዲያ ናት፣ በራሷ እጅ። አራቱ ጢማሞች ሲለቀቁ በአንድ ላይ ወደ ታች ሰመጡና ከድንጋዩ ጀርባ ተሸጉጠው ተደረደሩ። ቀኑን ሙሉ አልወጡም። ሙሽሪት መጥታ አየቻቸውና ዞር ብላ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሺ «እትዬ ኑ!» ብላ ስትጠራ መስታወቱ ላይ አራቱም ተለጥፈው፣ ነጭ ሆዳቸው እየታየ ይልሱ ነበር። ያለፉበት ቦታ እንደ ጣት ሰረዝ ጠርቷል። የሙሽሪት ቁስልም በስሱ መሸፈን ጀምሯል፤ ቅርፊቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ሚኒባሱን ብርሃኑ ከሁለት ሹፌሮች ጋር ሄዶ አመጣው። የኋላ መስታወቱ ረግፏል፤ ወንበሩ ላይ ቀዳዳ አለ። ኑሩ ሲያየው ወደ ጓዳ ገብቶ ተቀመጠ። ለብዙ ጊዜ አልነዳም። የቆርቆሮ በር ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ቀልዱም ቀረ። ጠዋት ጠዋት ገንዳው ፊት ወንበር ስቦ ይቀመጥና እነዚያን ፈሪዎች ሲያይ ይውላል። ሰዓዲያ አልሳቀችበትም፣ «ተው» አላለችውም። የተቀቀለ ዝኩኒ ቆርጣ ትሰጠዋለች፤ እሱ ድንጋዩ ሥር ያስቀምጥላቸዋል።

የሹፌሮቹ ተራ ዞሮ እሱ ጋ በደረሰ ጊዜ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ መጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ልሂድ?» አላት።

ከዚህ በፊት ጠይቋት አያውቅም። ሰዓዲያ የአቮካዶውን ፍሬ ከማንኪያዋ ላይ አራገፈች፤ እጇን በፎጣ ጠረገች፤ ወደ መንገዱ አየች። ፀሐይ ወጥታለች፤ መናኸሪያው ሰው ሞልቶታል፤ ረዳቶቹ «ወረታ፣ ባሕር ዳር» እያሉ ይጣራሉ።

«እስከ ወረታ» አለችው። «ከወረታ አትለፍ።»

ኑሩ ቁልፉን አነሳ። እስከ ወረታ ሄዶ ተመለሰ። አሁንም የሚነዳው እስከዚያው ነው።